ስለ ጎማ ሴንሰርና ቫልቭ የሚወሩ ስህተቶች እና እውነታው

«የጎማው መብራት በራ፣ በቃ ሴንሰሩ ሞቷል»
ኧረ ቀስ! በርቶ ዝም ካለ ብዙ ጊዜ ሴንሰሩ ስራውን እየሰራ ነው፣ ንፋስ ጎሏል እያላችሁ ነው። መኪናውን ስታስነሱ ለአንድ ደቂቃ ምናምን ብልጭ ድርግም ብሎ ከዛ በርቶ ከቀረ ነው ችግሩ ሲስተሙ ጋ ያለው። በብርድ ጠዋት በርቶ ትንሽ ስትነዱ የሚጠፋው ደሞ አየሩ በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ንፋሱ ከ1.5 እስከ 2 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ስለሚወርድ ነው።

«ካልበራ ንፋሱ ልክ ነው»
አይደለም። የአሜሪካ ህግ መብራቱ እንዲበራ የሚያስገድደው ንፋሱ ከታዘዘው 25 በመቶ ሲጎድል ነው፣ ማለትም 32 የሚሞላ ጎማ 24 እስኪደርስ ዝም ሊል ይችላል። ጌጃችሁን አትጣሉት።

«ሁሉም መኪና ጎማው ውስጥ ሴንሰር አለው»
አንዳንዱ የለውም፣ በኤቢኤሱ ነው የሚያውቀው፣ ማለትም የእያንዳንዱን ጎማ ፍጥነት በሚያነበው የፍሬን ሲስተም፤ ንፋስ የጎደለው ጎማ ዙሪያው ስለሚያንስ ከሌሎቹ ፈጠን ብሎ ይሽከረከራል። እንደዚ አይነት መኪና ላይ ንፋስ አስተካክላችሁ ሪሴት ማድረግ እንጂ ሴንሰር ፍለጋ መዞር አያስፈልግም።

«ቫልቭ ያው ቫልቭ ነው፣ የተገኘውን ግጠም»
እኔን ያስከፈለኝ ይሄ ነው። ሴንሰሩ ብዙ ጊዜ ቫልቩ ላይ ነው የሚታሰረው፣ ቫልቩ ደሞ ወይ ተስቦ የሚገባ ላስቲክ ነው ወይ በዳዶ የሚታሰር አሉሚኒየም። የኔ አሉሚኒየም ነበር፣ አንዱ ጎሚስታ ውስጡ ያለችውን መርፌ ተራ የነሐስ አድርጎ ገጠመልኝ፣ እኔም የብረት ክዳን ያምራል ብዬ ጨመርኩበት፣ ከዛ ሁለት ብረት እርጥበት ሲያገኝ እርስ በርሱ ይበላላ የለ፣ ንፋስ ልሞላ ክዳኑን ስፈታ ቫልቩ ከነአንገቱ እጄ ላይ ቀረ! አሉሚኒየም ላይ የሚገባው ኒኬል የተቀባ መርፌና የፕላስቲክ ክዳን ነው፣ ሁለቱም ርካሽ ናቸው።

«ዳዶው በደንብ ከጠበቀ አያስተነፍስም»
ንፋሱን የሚይዘው ዳዶው ሳይሆን ስሩ ያለችው ላስቲክ ነች። አብዛኛው ከ4 እስከ 8 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው የሚጠየቀው፣ ልኩ እንደ አምራቹ ይለያያል፣ ይሄ ደሞ በጣም ትንሽ ጉልበት ነው፤ ከዛ በላይ ስትሉ ወይ ላስቲኳ ትቆረጣለች ወይ ቫልቩ ይሰነጠቃል። አንዴ የተጨመቀች ላስቲክ ደሞ ወደ ድሮዋ ስለማትመለስ ጎማ በተቀየረ ቁጥር ላስቲኳ፣ ዳዶው፣ መርፌውና ክዳኑ አዲስ ይሁኑ።

«የሴንሰሩ ባትሪ ካለቀ ባትሪውን መቀየር ነው»
አብዛኛው ታሽጎ ነው የሚመጣው፣ ከ5 እስከ 10 አመት ያገለግልና ሙሉው ይቀየራል።

«አዲሱ ሴንሰር ከቫልቩ ጋ ከገጠመ ይሰራል»
መግጠሙ ብቻ አይበቃም። አንዳንዱ በ315 ሜጋኸርዝ አንዳንዱ በ433 ነው የሚያወራው፣ ከመኪናው ጋ ካልተመሳሰለ አይሰማማም። ቢመሳሰልም መኪናው የአዲሱን ሴንሰር መለያ ቁጥር መማር አለበት፣ አንዳንዱ ስትነዱት ራሱ ይማራል፣ ሌላው በመሳሪያ ካልተነገረው አይማርም።

«ጎማ ማውለቅ ድሮም ያው ነው»
ሴንሰሩ ብዙ ጊዜ ቸርኬው ውስጥ ቫልቩ ስር ነው ያለው፣ ጎሚስታው መጫኛውን እዛው ጋ ካሳረፈው ሴንሰሩ ይሰበራል። ሳይጀምር በፊት ሴንሰር እንዳለው ንገሩት።