በጅማ ለቤትና ለቢሮ የኔትወርክ ኬብል አመራረጥ

የኔትወርክ ኬብል ኮምፒውተርን፣ ፕሪንተርን፣ የጥበቃ ካሜራን ወይም የዋይፋይ ማሰራጫን ከራውተርና ከስዊች (ብዙ ዕቃዎችን በኬብል እርስ በርስ ከሚያገናኘው ሣጥን) ጋር ያገናኛል። በውስጡ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት። ሽቦዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙት አንዱ ጥንድ የሌላውን ሲግናል እንዳይረብሽ ነው።

ኬብሎች የሚለዩት በደረጃቸው ሲሆን፣ ደረጃው በላያቸው ላይ ተጽፎ ይገኛል። ካት 5ኢ በሰከንድ 1 ጊጋቢት መረጃ እስከ 100 ሜትር ያደርሳል። ካት 6 ይህንኑ ሰፋ ባለ አቅም ይሠራል፤ እስከ 55 ሜትር ባለው ርቀትም 10 ጊጋቢት መሸከም ይችላል። ካት 6ኤ 10 ጊጋቢቱን 100 ሜትር ድረስ ያዘልቀዋል፤ ግን ወፍራምና ለመዘርጋት አስቸጋሪ ነው። ካት 8 ለመረጃ ማዕከላት የተሠራ፣ ርቀቱም በ30 ሜትር የተወሰነ ስለሆነ ለቤት መግዛቱ ገንዘብ ማባከን ነው። ለአብዛኛው የጅማ ቤትና ቢሮ ካት 6 ይበቃል። ካት 5ኢ ተዘርግቶ በደንብ እየሠራ ያለበትን ቤት ግን ግድግዳ ፈልፍሎ መቀየር አያስፈልግም።

ከደረጃው ይልቅ ገዢ አጥብቆ ሊመረምር የሚገባው ሽቦው ከምን እንደተሠራ ነው። ሲሲኤ የሚባለው ኬብል ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩን ብቻ በስሱ መዳብ የተቀባ ነው። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ የመዳብን 61 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ሲተጣጠፍም ቶሎ ይሰበራል። ችግሩ የሚጎላው ካሜራና የዋይፋይ ማሰራጫ ኃይላቸውን በዚያው ኬብል ሲያገኙ ነው። ፒኦኢ የሚባለው ይህ አሠራር በ2003 እ.ኤ.አ. በ15.4 ዋት ጀምሮ በ2018 እስከ 90 ዋት ደርሷል፤ ይህን ኃይል በሲሲኤ ማስተላለፍ ኬብሉን ያግለዋል። ስለዚህ ለ305 ሜትሩ የኬብል ጥቅል ገንዘብ ከመክፈል በፊት የአንዱን ሽቦ ጫፍ በምላጭ ፋቅ ማድረግ ነው። ከሥሩ ነጣ ያለ የብር መልክ ከወጣ መዳብ አይደለም። ክብደቱም ይናገራል፤ እውነተኛ የመዳብ ጥቅል ከበድ ይላል።

ጅማ ከ1,700 ሜትር ከፍታ በላይ የምትገኝ፣ ዝናብ ለብዙ ወራት የማይለያት ከተማ ናት። በግቢ ውስጥ ከቤት ወደ ሰርቪስ ቤት ወይም ከቢሮ ወደ ቡና መጋዘን የሚዘረጋ መስመር ስለዚህ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የቤት ውስጥ ኬብል ሽፋን በፀሐይ ይሰነጣጠቃል፤ በስንጥቁ የሚገባው ውሃ ሲግናሉን ያዳክማል፣ በጫፉ ያለውን ማገናኛም ያበላሻል። ለውጭ የተሠራ ጥቁር የፖሊኢትሊን ሽፋን ያለው ኬብል ይሻላል። መብረቅ ግን ከዚህም የከፋ ነው። በሁለት ሕንፃዎች መካከል የተዘረጋ መዳብ በአቅራቢያ በወደቀ መብረቅ የተፈጠረውን ኃይል ተሸክሞ በሁለቱም ጫፍ ያሉትን ዕቃዎች ሊያቃጥል ይችላል። ለዚህ መፍትሔው መረጃን በብርሃን አማካይነት በመስታወት ክር የሚያሳልፈው ፋይበር ነው። መስታወት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ የብረት ማጠናከሪያ የሌለውን መምረጥ ብቻ ያስፈልጋል። ሰፋፊ የቡና ማድረቂያና ማጠቢያ ግቢዎች ደግሞ ከ100 ሜትሩ ገደብ ስለሚያልፉ፣ ፋይበርና በየጫፉ አንድ ሚዲያ ኮንቨርተር (የፋይበሩን የብርሃን ሲግናል ለመዳብ ኬብል የሚቀይር ዕቃ) ማድረጉ ግድ ይሆናል።

አዘረጋጉም እንደ ግዢው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኬብሉን ከ220 ቮልቱ የመብራት መስመር ጋር በአንድ ቱቦ ማሳለፍ አይገባም። ማገናኛው ሲታሰር ጥምዝዙ ከ13 ሚሊሜትር በላይ አይፈታም፤ የሽቦዎቹ የቀለም ቅደም ተከተልም በሁለቱ ጫፍ አንድ ይሁን። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ሰፋ ያለ ቱቦ ቀብሮ በውስጡ መሳቢያ ገመድ ቢተው፣ ወደፊት ፋይበር ለማስገባት ግድግዳ መፈልፈል አይኖርበትም።