ኢትዮጵያዊ መልኩን፣ ነብር ዝንጉርጉርነቱን አይለውጥም

ይህን አባባል ብዙ ጊዜ የምንሰማው «የትም ብሄድ እኔ እኔው ነኝ» ለማለት ደረቱን ከነፋ ሰው አፍ ነው። መነሻው ግን ሙገሳ አልነበረም። ነቢዩ ኤርምያስ (13፥23) የይሁዳን ሰዎች ሲገሥጽ፣ ኢትዮጵያዊ መልኩን፣ ነብርም ዝንጉርጉርነቱን መለወጥ ከቻለ ክፋት የለመዳችሁት እናንተም በጎ ማድረግ ትችላላችሁ አላቸው። እኛ ተግሣጹን ለባለቤቶቹ ትተን ምሳሌውን መኩሪያ አደረግነው። ደግም አደረግን።

አባባሉ ክፉኛ የተፈተነው እዚያው በተነገረበት አገር፣ በእስራኤል ነው። ቤተ እስራኤል የሚባሉት የኢትዮጵያ አይሁዶች በ1984 እና 85 እ.ኤ.አ. በሱዳን በኩል በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሆነው በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ኢየሩሳሌምን ብለው ሄዱ። ሲደርሱ ብዙዎቹ፣ በተለይ ልጆቹ፣ የዕብራይስጥ ስም ወጣላቸው። ልጆቹ አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ፤ አማርኛና ትግርኛው ከወላጅ ጋር እቤት ቀረ። በአገር ቤት ሲያጋቡ፣ ሲያስታርቁ የኖሩት ቄሶቻቸው በረቢዎቹ፣ ማለትም በእስራኤል የሃይማኖት መሪዎች፣ ፊት ሥልጣን አጡ። ይባስ ብሎ አይሁድነታችሁ እንዲጸና በሥርዓት ውሃ ውስጥ ጥለቁ ተባሉ። ለዚያች ቀን ስንት ዘመን የጸለየ ሰው ይህን እንዴት ይዋጠው? በ1985 በዋናው የረቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ለሳምንታት ተቀምጠው ተቃወሙ።

እኔ አባባሉን እንደ ፉከራ ሳይሆን ቃል በቃል ብወስደው ይሻለኛል፤ የማይለወጠው መልክ ነው፣ ሌላው ሁሉ ይለወጣል። ስሙን የለወጠ፣ በዕብራይስጥ የሚያልም፣ ለወታደርነት የዘመተ ልጅ መልኩ አብሮት አለ። በ1996 የለገሱት ደም በኤች አይ ቪ ስጋት ሲደፋ መኖሩ ተሰማ፤ በሺዎች ወጥተው ጮኹ። በ2015 ደግሞ የደንብ ልብስ የለበሰ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወታደር በፖሊስ ሲደበደብ በቪዲዮ ታየ። መንገዱ ዳግም በሰልፍ ተሞላ። «ምሰሉን» ሲሉ የነበሩት፣ ቢመስሏቸውም ያዩት መልኩን ነው።

በ2008 የእስራኤል ምክር ቤት የቤተ እስራኤልን በዓል፣ ስግድን፣ ብሔራዊ በዓል አደረገው። ከዮም ኪፑር (ከአይሁድ የስርየት ቀን) በኋላ በ50ኛው ቀን ቄሶቹ ጥላ ተይዞላቸው ኦሪቱን ያወጣሉ፣ በግዕዝ ይጸልያሉ፤ ወጣቱ ግዕዙን ባይሰማም ይመጣል። ከእነዚህም መካከል የወጣላቸውን ስም ትተው ወላጆቻቸው ወዳወጡላቸው የተመለሱ አሉ።