የኤሌክትሪክ መኪና በባሕር ዳር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) ጥር 2016 ዓ.ም. ካስታወቁ ወዲህ፣ ከዘንባባዎቹ ሥር ድምፅ ሳያሰሙ የሚያልፉት ቢዋይዲ የተባሉት የቻይና የኤሌክትሪክ መኪኖች በርክተዋል። ወሬውም አብሯቸው ገብቷል። የሚገርመው፣ ሰው የሚፈራው ብዙም የማያሰጋውን ነው፤ የሚያሰጋውን ግን ንቆ ይተወዋል።

“የነዳጅ መኪና ተከልክሏል፣ ያለህን ቶሎ ሽጥ።”

የተከለከለው ከውጭ ማስገባቱ ነው። ታርጋና ቦሎ ያለውን የነዳጅ መኪና ክልከላው አይነካውም። ውሳኔው ለነዳጅ የሚወጣውን የውጭ ምንዛሬ ለመቀነስ የታሰበ ነው። “ቶሎ ሽጥ” የሚልህ ደላላ ከሆነ፣ ማን እንደሚጠቀም መገመት አይከብድም።

“ክረምት ላይ ኮረንቲ ይይዛል።”

አይይዝም። ባትሪው ከወለሉ ሥር ታሽጎ፣ መስመሩም ከመኪናው አካል ተለይቶ የተሠራ ነው፤ ችግር ሲፈጠር ሲስተሙ ራሱ ኃይሉን ይቆርጣል። ብዙዎቹ ባትሪዎች አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት እንዲቆዩ ተደርገው ይፈተናሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ከአውሎ ነፋስ በኋላ የኤሌክትሪክ መኪኖች ሲቃጠሉ የታየው ጨዋማ የባሕር ውሃ ስለገባባቸው ነበር፤ የሐምሌ ዝናብም ሆነ ጣና ጨዋማ አይደሉም። ያም ሆኖ ጎርፍ የዋጠውን መኪና ባለሙያ ሳያየው ቻርጅ ላይ መሰካት ድፍረት ነው።

“ቻርጁ እንደ ስልክ ነው፣ የትም ይሰካል።”

በእኔ ግምት ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። ከተራ ሶኬት 10 አምፔር የሚስብ ቻርጀር፣ በ220 ቮልት ሲሰላ 2,200 ዋት ይወስዳል። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባዶ ባትሪ በዚህ ፍጥነት 27 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የእንጀራ ምጣድ ከዚህም በላይ ይስባል፣ ግን ሊጡ ሲያልቅ ይጠፋል፤ መኪናው ከማታ እስከ ንጋት ሳያቋርጥ ይስባል። ያረጀ የኪራይ ቤት መስመር ለዚህ አልተዘረጋም። በመስኮት የወጣ ቀጭን ገመድ፣ ትርፉ ተጠቅልሎ መሬት ላይ የተቀመጠ፣ ጫፉ ላይ ርካሽ ዲቫይደር፤ ይህ ጠዋት ላይ የጠቆረ ሶኬትና የቀለጠ ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል፤ ሲብስም ቤት ያቃጥላል። የተጠቀለለ ገመድ ሙቀቱን ማስወጣት አይችልምና ይዘርጋ። አርዝ (ያፈተለከ ኃይልን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ) የሌለው ቤት ደግሞ፣ ኃይል አፈትልኮ ቢወጣ ሰው ላይ ሊያርፍ ይችላል። መፍትሔው ለቻርጀሩ ብቻ የተዘረጋ ወፍራም መስመር፣ የራሱ ብሬከርና አርዝ ነው። እስከዚያው፣ ከተሰካ ከአንድ ሰዓት በኋላ የመሰኪያውን ፕላስቲክ በእጅ መዳሰስ ነው፤ ካቃጠለ ከብሬከሩ ማጥፋት።

“ግድቡ ተመርቋል፣ ከእንግዲህ መብራት አይጠፋም።”

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ነገር ግን ሰፈርህ የሚጨልመው ብዙ ጊዜ ትራንስፎርመር ሲቃጠል ወይም መስመር ሲበጠስ ነው፤ አባይ አጠገብ መኖር ለዚህ አይረዳም። “መብራት ሲጠፋ መኪናው ይቆማል” ለሚሉትም፣ ጄኔሬተር የሌለው ማደያ ያን ጊዜ ነዳጅ አይቀዳም።

“በራሱ ይፈነዳል።”

የስዊድንና የኖርዌይ መረጃዎች የሚያሳዩት፣ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከቁጥራቸው አንጻር ከነዳጅ መኪኖች ያነሰ እንደሚቃጠሉ ነው። ከተነሳ ግን እሳቱ አስቸጋሪ ነው። ባትሪውን ማቀዝቀዝ የሚችለው ብዙ ውሃ ነው፤ መኪናው ውስጥ የምትቀመጠው የዱቄት ማጥፊያ ነበልባሉን ብታዳፍን እንጂ ባትሪውን አታቀዘቅዝም። ጠፋ የተባለውም ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ሊነሳ ይችላል። ጭሱ መርዛም ነው፤ ለቪዲዮ አትጠጉ።

“ድምፅ የለውም፣ ሰላም ነው።”

ለተሳፋሪው። ባሕር ዳር ግን የብስክሌት ከተማ ናት፤ ፔዳም ሆነ ፖሊ በሚባሉት የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች አካባቢ ሳይክል የሚነዳ ሰው ከኋላው የሚመጣውን የሚያውቀው በጆሮው ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2021 ጀምሮ አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች በሰዓት እስከ 20 ኪሎሜትር ሲነዱና ወደ ኋላ ሲሄዱ የማስጠንቀቂያ ድምፅ እንዲያሰሙ አስገድዷል፤ ከዚያ ፍጥነት በላይ የጎማው ድምፅ ይበቃል። እኛ ጋ ከሚገቡት ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። ስክሪኑ በቻይንኛ ስለሚጻፍ፣ ድምፁ ይብራ ይጥፋ የማያውቅ ባለቤት አይጠፋም። መፈተሹ ቀላል ነው፦ ውስጥ ተቀምጠህ በራስህ ጆሮ ሳይሆን፣ አንድ ሰው ከመኪናው ጎን ራቅ አድርገህ አቁመህ፣ ቀስ እያልክ ወደ ኋላ ሂድ። ካልሰማ፣ የሚያስተካክልልህን ባለሙያ ፈልግ።