አፕጋር፦ ስለ ነጥቡና ስለ ሐኪሟ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሕፃን እንደተወለደ በማዋለጃ ክፍል መዝገብ ላይ የሕፃኑን ሁኔታ የሚያሳይ ከ10 የሚሰፍር ነጥብ አለ፤ አፕጋር ይባላል። ስለ ነጥቡም ስለ ሐኪሟም ብዙ ስሕተት ይነገራል። (ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«አፕጋር ምህጻረ ቃል ነው።»
የሰው ስም ነው፤ በ1909 በኒው ጀርሲ የተወለዱት አሜሪካዊት ሐኪም የዶክተር ቨርጂኒያ አፕጋር። ነጥቡ ታትሞ የወጣው በ1953 ነው። የስሙን የእንግሊዝኛ ፊደላት (APGAR) ነጥቡ ከሚሰጥባቸው አምስት መለኪያዎች ጋር ያዛመደው የተማሪዎች ማስታወሻ የመጣው ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

«የሕፃናት ሐኪም ነበሩ።»
የሰመመን (የማደንዘዣ) ሐኪም ነበሩ። በ1933 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ኮሌጅ ተመርቀው ቀዶ ሕክምና ጀመሩ። የቀዶ ሕክምና ኃላፊው አለን ዊፕል ግን ሴት ቀዶ ሐኪሞች በሥራው መተዳደር ሲያቅታቸው አይተው ነበርና ወደ ሰመመን እንዲዞሩ መከሯቸው። በዚያን ጊዜ ሰመመን የሚሰጡት በአብዛኛው ነርሶች ነበሩ። የሰመመን ሐኪም መሆናቸውን ሳያውቁ ነጥቡን መረዳት አይቻልም፦ ለእናቲቱ የተሰጠው ማደንዘዣና የአወላለዱ ዘዴ ሕፃኑን እንዴት እንዳደረገው ለማነጻጸር የተበጀ መለኪያ ነው።

«የሰመመን ትምህርት ክፍሉ ሊቀ መንበር ሆኑ።»
አልሆኑም። ከ1938 ጀምረው ሲመሩት የቆዩት ክፍል በ1949 ራሱን ሲችል ወንበሩ ለወንድ ባልደረባ ተሰጠ፤ ይህ ዛሬም ያስቆጫል። እርሳቸው በዚያው ዓመት የኮሌጁ የመጀመሪያዋ ሴት ሙሉ ፕሮፌሰር ሆኑና ወደ ማዋለጃ ክፍል ገቡ። ነጥቡ የተወለደው እዚያ ነው።

«ሕፃኑ እርዳታ ያስፈልገው እንደሆነ የሚወስነው አፕጋር ነው።»
ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። ነጥቡ የሚሰጠው በ1ኛውና በ5ኛው ደቂቃ ነው፤ የማይተነፍስ ሕፃን ግን 1 ደቂቃ አይጠበቅም። ወዲያው ይደረቃል፣ ይሞቃል፣ ጀርባው ይታሻል፤ ካልተነፈሰ በ60 ሰከንድ ውስጥ በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጥ ከረጢት) እና በጭንብል አየር ይሰጠዋል። ነጥቡ የሚመዘግበው ለእርዳታው የሰጠውን ምላሽ ነው። በ5ኛው ደቂቃ ከ7 በታች ከሆነ በየ5 ደቂቃው እስከ 20ኛው ድረስ ይደገማል።

የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ የጡንቻ ብርታት፣ ለመነካት የሚሰጥ ምላሽና የቆዳ ቀለም እያንዳንዳቸው 0፣ 1 ወይም 2 ያገኛሉ። ምት ከሌለ 0፣ በደቂቃ ከ100 በታች 1፣ ከ100 በላይ 2። ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በቀለም ላይ ነው፤ ጠይም ሕፃን ሲሆን ከንፈሩንና ምላሱን ማየት ያስፈልጋል።

«10 ያላገኘ ሕፃን ጤና የለውም።»
ጤናማ ሕፃንም በ1ኛው ደቂቃ እጅና እግሩ ገና ሰማያዊ ስለሚሆን በቀለም 1 ማግኘቱ የተለመደ ነው።

«ዝቅተኛ ነጥብ የአእምሮ ጉዳት ማለት ነው።»
ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም እናቱ በምጥ ጊዜ ማደንዘዣ የወሰደች ሕፃንም ነጥቡ ሊወርድ ይችላል። ነጥቡ ብቻውን መታፈንን (በወሊድ ጊዜ የኦክስጅን እጥረትን) አያረጋግጥም፣ የልጁን የወደፊት አእምሮም አይተነብይም።

«ሥራቸው በነጥቡ አበቃ።»
በ1959 ከጆንስ ሆፕኪንስ በሕዝብ ጤና ማስተርስ ይዘው፣ በ1974 እስኪያርፉ ድረስ ማርች ኦፍ ዳይምስ በተባለው ድርጅት ውስጥ ከሕፃን ጋር የሚወለዱ የአካል ችግሮችን ለመከላከል ሠሩ።