ዛዜን እና የዶገን ጥያቄ

ዛዜን በጃፓን የዜን ቡድሂዝም ውስጥ የሚሠራ የተመስጦ ዓይነት ነው። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሰውየው ትራስ ላይ ቁጭ ይላል፣ እግሩን ያጣጥፋል፣ ጀርባውን ያቀናል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ከዚህ ዝምታ ጀርባ ግን ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሲብላላ የኖረ ትምህርት አለ። የሰው እውነተኛ ባሕርይ ምንድን ነው? እንዴትስ ይታወቃል? ትምህርቱ የሚዞረው በእነዚህ ጥያቄዎች ዙሪያ ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን በደንብ ለመረዳት ከዶገን መጀመር ይሻላል። ዶገን በ1200 ኪዮቶ ውስጥ ከመኳንንት ቤተሰብ ተወለደ። እናቱ የሞተችው ገና ልጅ ሳለ ነው። በቀብሯ ላይ የዕጣኑን ጭስ ወደ ላይ ሲወጣ አይቶ የዓለም ነገር ሁሉ ኃላፊ መሆኑ ልቡ ውስጥ ገባ ይባላል። በ13 ዓመቱ ከኪዮቶ በላይ ባለው በሂየይ ተራራ መነኮሰ። እዚያ የሚሰጠው ትምህርት ሰው ሁሉ ከመነሻው የቡድሃ ባሕርይ፣ ማለትም የነቃና እውነቱን ያየ ሰው ባሕርይ አለው የሚል ነበር። ልጁ ዶገን ታዲያ አንድ ነገር አልዋጥልህ አለው። ሁሉም ሰው ይህ ባሕርይ ካለው፣ የጥንቶቹ ቡድሃዎች ለምን ያን ያህል ለፉ? ያለህን ነገር ለማግኘት ለምን ትደክማለህ?

ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ይመስላል። እኔ ግን ከዜን ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ሐቀኛ ጥያቄ አላውቅም። የዶገን ሕይወት በሙሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነበር ማለት ይቻላል።

የቡድሃ ባሕርይ ሲባል ብዙ ሰው በሥጋ ውስጥ የተሰወረች ነፍስ ትመስለዋለች። እንደዚያ አይደለም። ቡድሃ ካስተማራቸው ዋና ዋና ነገሮች አንዱ፣ ቋሚና የማይለወጥ «እኔ» የለም የሚለው ነው። ሥጋ፣ ስሜት፣ ሐሳብ፣ ንቃት ሁሉም ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ማሃያና በሚባለው ቅርንጫፍ በተጻፉ መጻሕፍት ውስጥ፣ ሕይወት ያለው ፍጡር ሁሉ የቡድሃ ባሕርይ አለው የሚል ትምህርት ተስፋፋ። ሁለቱ ትምህርቶች ላይ ላዩን ይጋጫሉ። ዶገን በ1241 ስለዚህ ጉዳይ ሰፋ ያለ ጽሑፍ ጽፏል። መልሱ ደፋር ነው። የቡድሃ ባሕርይ ሰው ኪሱ ውስጥ የያዘው ነገር አይደለም ይላል፤ ያለው ነገር ሁሉ ራሱ የቡድሃ ባሕርይ ነው። መለወጥና ማለፍ ራሱ ያ ባሕርይ ነው። ስለዚህ ከለውጥ ሸሽቶ የሚደረስበት ሌላ ቦታ የለም።

ይህ አስተሳሰብ ከቻይና የመጣ ነው። በትውፊቱ መሠረት ወደ ቻይና ያመጣው ቦዲዳርማ የሚባል ከሕንድ የተነሳ መነኩሴ ነው። የሊያንግ ንጉሠ ነገሥት ዉ ብዙ ገዳማት ማሠራቱን ነግሮት «ምን ያህል ዋጋ አገኘሁ?» ሲለው፣ «ምንም» ብሎት ሄደ ይባላል። ከዚያም ዘጠኝ ዓመት ግድግዳ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ከታሪኩ ምን ያህሉ እውነት እንደሆነ ምሁራን ይከራከራሉ። የበለጠ ተጽዕኖ ያሳደረው የቻይና ዜን ስድስተኛው አባት የሚባለው ሁዌይኔንግ ነው (ከ638 እስከ 713)። እንጨት እየሸጠ እናቱን የሚረዳ፣ ማንበብ የማይችል ድሃ ነበር ይላል ትረካው። የገባበት ገዳም ታላቅ ደቀ መዝሙር አእምሮን በመስታወት መስሎ፣ አቧራ እንዳያርፍበት ሁልጊዜ እንወልውለው የሚል ግጥም ጻፈ። ሁዌይኔንግ መስታወቱ ራሱ ከሌለ አቧራው የት ያርፋል ብሎ መለሰ። የዛሬ ተመራማሪዎች ይህ ትረካ የሁዌይኔንግን ወገን ከፍ ለማድረግ ዘግይቶ እንደተጻፈ ያምናሉ። ቢሆንም ክርክሩ እውነተኛ ነው። ተመስጦ አእምሮን የማጽዳት ሥራ ነው ወይስ ከመጀመሪያው ያልቆሸሸ መሆኑን የማየት?

ዶገን በ1223 መርከብ ተሳፍሮ ወደ ቻይና ሄደ። እዚያ መጀመሪያ ያስተማረው ሰው አንድ ወጥ ቤት ነበር። መርከቡ ወደብ ላይ ቆሞ ሳለ የ61 ዓመት አረጋዊ መነኩሴ ከጃፓን የመጣ እንጉዳይ ሊገዛ ወጣ። የአንድ ገዳም ምግብ አብሳይ ነው። ብዙ መንገድ በእግሩ ተጉዟል። ዶገን በጨዋታው ተደስቶ «እዚሁ ይደሩ» አለው። ሽማግሌው የነገውን ምግብ ማሰናዳት አለብኝ ብሎ እምቢ አለ። ዶገንም «በዚህ ዕድሜዎ ተቀምጠው ተመስጦ ቢያደርጉ፣ የአባቶችን ቃል ቢያጠኑ አይሻልም? ወጥ ቤት ምን ያደርግልዎታል?» ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌው ሳቀ። «አንተ የውጭ አገር ልጅ፣ ልምምድ ምን እንደሆነ ገና አልገባህም» አለው።

በኋላም በቲያንቶንግ ገዳም ሌላ አብሳይ አገኘ። ይኸኛው 68 ዓመቱ ነው። ጀርባው ጎብጧል። በጠራራ ፀሐይ ያለ ባርኔጣ እንጉዳይ ያሰጣል። ዶገን አዝኖለት ለምን ረዳት አያሠሩም አለው። «ሌላው ሰው እኔ አይደለም» አለ ሽማግሌው። ታዲያ በዚህ ሐሩር ለምን? «ሌላ ምን ጊዜ ልጠብቅ?» ዶገን አፉ ተዘጋ። ይህን ታሪክ በ1237 ለገዳም ወጥ ቤቶች በጻፈው መመሪያ ውስጥ ራሱ አስፍሮታል። ለማብሰል መመሪያ መጻፉ ራሱ ብዙ ይናገራል። ሩዝ ማጠብ፣ ጎመን መቁረጥ፣ ድስት መጥረግ በእሱ ዘንድ ከተመስጦ ያነሰ ሥራ አይደለም።

በቲያንቶንግ የሚያስተምረው አበምኔት ሩጂንግ ይባላል። ሌሊትና ቀን የሚያስቀምጥ ጥብቅ ሰው ነበር። ዶገን በእሱ ሥር «ሥጋና አእምሮ ተራገፉ» ያለውን ነገር አገኘ። በ1227 ወደ አገሩ ሲመለስ የያዘው አዲስ ሥርዓተ አምልኮ ወይም ሐውልት አልነበረም። የያዘው መቀመጥን ነው። በተመለሰ ሰሞን ዛዜን ለሁሉም ሰው የሚሆን መሆኑን የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ አዘጋጀ።

ለልጅነት ጥያቄውስ ምን መለሰ? በ1233 በጻፈው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ስለ ቻይናዊው መምህር ባኦቼ ይተርካል። መምህሩ ማራገቢያ ይዞ ያራግባል። አንድ መነኩሴ መጥቶ «የነፋስ ባሕርይ ዘላለማዊ ነው፣ የማይደርስበት ቦታ የለም፤ ታዲያ ለምን ያራግባሉ?» አለው። መምህሩ ነፋስ ዘላለማዊ መሆኑን አውቀሃል፣ በሁሉ ቦታ መድረሱ ምን ማለት እንደሆነ ግን አላወቅህም አለ። ምን ማለት ነው ሲለው መምህሩ ማራገቡን ቀጠለ። መነኩሴው በአክብሮት እጅ ነሣ። በቃ፣ የዶገን መልስ ይኸው ነው። ባሕርዩ ስላለ ልምምድ አያስፈልግም ማለት ነፋስ ስላለ አታራግቡ እንደማለት ነው። ልምምዱ ባሕርዩን አያመጣውም፤ ይገልጠዋል። መቀመጥና መንቃት ሁለት ነገሮች አይደሉም። ዛሬ ተቀምጬ ከአሥር ዓመት በኋላ እነቃለሁ የሚለው ስሌት በዶገን ዘንድ ቦታ የለውም። ይህን ዓይነቱን ያለ ግብ መቀመጥ ሺካንታዛ ይሉታል፤ መቀመጥ ብቻ።

አቀማመጡ በዝርዝር የተደነገገ ነው። ዛፉ የሚባል ክብ ትራስ ላይ ይቀመጣሉ። ሁለቱ ጉልበቶች መሬት ይነካሉ፤ ዳሌ ከጉልበት ከፍ ይላል። የሚችል ሁለቱንም እግሮች ተቃራኒው ጭን ላይ ያደርጋል፣ ያልቻለ አንዱን ብቻ። ጆሮ ከትከሻ፣ አፍንጫ ከእንብርት ጋር ይስተካከላል። ግራ እጅ በቀኝ መዳፍ ላይ ያርፋል። አውራ ጣቶች በቀስታ ይነካካሉ። ሰው ሲያንቀላፋ ጣቶቹ ይወድቃሉ፣ ሲጨነቅ ደግሞ ይጫጫናሉ፤ ስለዚህ እጅ አእምሮን ያሳብቃል። ዓይን አይከደንም፤ ግማሽ ተከፍቶ ወደ ታች ያያል። ሶቶ በሚባለው በዶገን ወገን ፊት ወደ ግድግዳ ይዞራል። እስትንፋስ በአፍንጫ፣ ያለ ማስገደድ ነው። ጀማሪ እስትንፋሱን ከአንድ እስከ አሥር ይቆጥራል፣ ሲጠፋበት እንደገና ከአንድ። አንዱ ዙር ብዙ ጊዜ 40 ደቂቃ ገደማ ነው። በመካከል ተነስተው ኪንሂን የሚባል በጣም ዝግ ያለ እርምጃ ይራመዳሉ።

ሐሳብስ? ብዙ ሰው ሜዲቴሽን ማለት አእምሮን ባዶ ማድረግ ይመስለዋል፤ ሳይሆንለት ሲቀር ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ዛዜን ይህን አይጠይቅም። ሐሳብ ይመጣል፤ አትከተለው፣ አታባርረው። የቤት ኪራይ፣ የትናንት ንትርክ፣ የጉልበት ሕመም ሁሉም ብቅ ይላሉ። ተቀማጩ ወደ አቀማመጡና ወደ እስትንፋሱ ይመለሳል። ደግሞ ይመለሳል። አንዳንዴ ደስ የሚሉ ብርሃኖች ወይም የሚያስፈሩ ምስሎች ይታያሉ። ለእነሱም ማክዮ የሚባል ስም አላቸው፤ መምህራን አትያዝባቸው ይላሉ።

ሌላው ትልቅ የዜን ወገን ሪንዛይ ነው። በኤይሳይ (ከ1141 እስከ 1215) አማካይነት በጃፓን ተተከለ። እዚያ ተቀማጩ ኮአን ይሰጠዋል። ኮአን በአመክንዮ የማይፈታ ጥያቄ ወይም ትንሽ ታሪክ ነው። ዝነኛው ቻይናዊውን መምህር ጃኦጆውን የሚመለከት ነው። «ውሻ የቡድሃ ባሕርይ አለው ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ «የለውም» አለ። ትምህርቱ ሁሉም አለው እያለ መምህሩ የለውም ይላል። ተማሪው ይህን ቃል ይዞ ቀን ከሌት ይቆያል፣ ለመምህሩ መልስ ያቀርባል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሞክራል። የሚፈለገው ኬንሾ ነው፣ የራስን ባሕርይ በቀጥታ ማየት።

በዚህ በኩል ትልቁ ስም ሃኩዊን ነው፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሪንዛይን እንደገና ያቋቋመ መምህር። ሃኩዊን በ24 ዓመቱ ሌሊት ተቀምጦ የመቅደስ ደወል ሲሰማ ሁሉ ነገር ተከፈተለት። ባለፉት 300 ዓመታት እንደኔ የነቃ የለም ብሎ ኮራ። ከዚያ ሾጁ የተባለ ሽማግሌ መምህር ዘንድ ሄደ። ሽማግሌው አፍንጫውን ጠምዝዞ፣ አንተ ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጥክ ምስኪን እያለ ትዕቢቱን አራገፈለት። ሃኩዊን በኋላ ከመጠን ባለፈ ልምምድ ታመመ። ራሱ ይግላል፣ እግሩ ይቀዘቅዛል፣ ይጨነቃል። የዜን ሕመም አሉት። ያዳነው ዘዴ ደስ ይላል። አናቱ ላይ የለሰለሰ ቅቤ እንደተቀመጠና ቀስ ብሎ እየቀለጠ እስከ እግር ጥፍሩ እንደሚወርድ ያስባል። አናቱን ቅቤ ተቀብቶ ፀሐይ የሞቀ የአገራችን ሰው ይህን ለመገመት አይቸገርም።

የዶገን ሥራ ዛሬም በአንድ ቦታ ጎልቶ ይታያል። በ1244 በኤቺዘን፣ በአሁኑ ፉኩዊ አውራጃ ገዳም መሠረተ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኤይሄይጂ ተባለ። በረጃጅም ጽዶች መካከል ተዳፋት ላይ የተሠራ፣ በመተላለፊያ ደረጃዎች የተያያዙ ከ70 በላይ ቤቶች ያሉት ነው። ክረምቱ በበረዶ ይከበባል። አዲስ ገቢ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ለምን መጣህ እየተባለ ይፈተናል። ከገባ በኋላ ያለው ቦታ አንዲት የሣር ምንጣፍ ናት። እዚያው ይቀመጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል። በሞቃታማው ወራት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ይነሳሉ። በሦስት ቦታዎች ማውራት ክልክል ነው፤ በተመስጦ አዳራሽ፣ በመታጠቢያና በመጸዳጃ ቤት። ቁርስ የሩዝ አጥሚት ነው። ምግቡ ሥጋና ዓሣ አይነካም። ሲጨርሱ ሳህናቸውን በሙቅ ውኃ ያጥባሉ፣ ውኃውንም ይጠጣሉ። ከዲሴምበር 1 እስከ 8 ደግሞ ቡድሃ የነቃበትን ጊዜ በማሰብ ቀኑን በሙሉ ይቀመጣሉ።

ዶገን በ1253 አረፈ። ወገኑን በሕዝቡ መካከል ያስፋፋው ከእሱ በኋላ የመጣው ኬይዛን ነው። ዛሬ ሶቶ በጃፓን ወደ 14 ሺህ የሚሆኑ መቅደሶች አሉት። አብዛኞቹ ግን የቀብርና የሙታን መታሰቢያ የሚደረግባቸው እንጂ የተመስጦ ቤቶች አይደሉም። ወደ አሜሪካ በሰፊው የገባው በ1959 ሳን ፍራንሲስኮ በደረሰው ሹንርዩ ሱዙኪ ነው። በ1967 በካሊፎርኒያ ተራሮች ታሳሃራ የተባለው ገዳም ተከፈተ።

ስለ ዜን ሲወራ የማይነሳ ነገር አለ፤ መነሳት አለበት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ብዙ የጃፓን የዜን መሪዎች የአገራቸውን ጦርነት ደግፈዋል። «እኔ» የለም የሚለውን ትምህርት ለወታደር ታዛዥነት አውለውታል። የሶቶ ወገን በ1992 ለዚህ በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። በምዕራቡ ዓለምም አንዳንድ መምህራን በደቀ መዛሙርታቸው ላይ ሥልጣናቸውን አላግባብ ተጠቅመዋል። ባሕርዩን አየ የተባለ ሰው ከሥነ ምግባር ሕግ በላይ አይደለም። ሾጁ ሃኩዊንን ያራገፈው በከንቱ አልነበረም።

መሞከር የሚፈልግ ሰው ገዳም መግባት አይጠበቅበትም። በጃፓንም ሆነ በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ማዕከላት ለማንም ክፍት የሆነ የዛዜን ሰዓት አላቸው። ጉልበቱ እምቢ ያለው ወንበር ላይ መቀመጥ ይችላል። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ለቀናት የሚቆይ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ቢያማክር ይሻላል። ለሌላው ጀማሪ የሚያስፈልገው የማያጠብ ልብስ መልበስና ደወሉ ከመደወሉ በፊት መድረስ ነው።