ኤቲ-ኤቲ፦ በአራት እግሩ የሚሄደው ብረት ለበስ

ኤቲ-ኤቲ "ስታር ዋርስ" በሚባሉት የሕዋ ጦርነት ፊልሞች ዓለም ውስጥ ያለ ግዙፍ የጦር ተሽከርካሪ ነው። እርግጥ "ተሽከርካሪ" ማለቱ ራሱ ትንሽ ይከብዳል። የሚሽከረከር ነገር የለውማ! ጎማም የለው፣ እንደ ታንክ ሰንሰለትም የለው። የሚሄደው እንደ ዝሆን በአራት እግሩ ነው። ሙሉ ስሙ "ኦል ቴሬን አርመርድ ትራንስፖርት" ነው፤ በማንኛውም ዓይነት መሬት ላይ የሚሄድ ብረት ለበስ ማጓጓዣ እንደማለት። ባለቤቱ ደግሞ ጋላክሲውን አንቀጥቅጦ የሚገዛው ኢምፓየር ነው።

ቁመቱ 22 ሜትር ገደማ ይሆናል። ባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃ እግር አውጥቶ ወደ እናንተ ሲመጣ አስቡት። የሚነዱትና የሚያዙት ሰዎች የሚቀመጡት ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። አገጩ ሥር ሁለት ከባድ የሌዘር መድፎች አሉት። ግራና ቀኝ ጉንጩ ላይ ደግሞ ቀለል ያሉ ሁለት መሣሪያዎች ተገጥመዋል። ሆዱ 40 ወታደር ይይዛል። ስለዚህ ታንክም ነው፣ የወታደር ማመላለሻም ነው።

ማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣው "ዘ ኢምፓየር ስትራይክስ ባክ" ፊልም ላይ ነው። ኢምፓየሩን የሚወጉት አማጽያን ሆት በምትባል በበረዶ የተሸፈነች ፕላኔት ላይ ተደብቀዋል። የኢምፓየሩ መርከቦች ፕላኔቷ አጠገብ ድንገት ብቅ ሲሉ አማጽያኑ ነቁባቸው። ወዲያው የጦር ሰፈራቸውን ከሰማይ ድብደባ በሚከላከል የኃይል ጋሻ ሸፈኑት። ያኔ ኢምፓየሩ የቀረው አማራጭ አንድ ነው፤ በእግር መምጣት። ጄኔራል ቪርስ ኤቲ-ኤቲዎቹን እየመራ በበረዶው ላይ መጣ። ዒላማው ለጋሻው ኃይል የሚሰጠው ጄኔሬተር ነበር።

አማጽያኑ በትንንሽ በራሪዎች ገጠሟቸው። ተኩሱ ግን ብረቱ ላይ ምንም አላደረገም፤ ግድግዳ ላይ ጠጠር እንደ መወርወር ነበር። ከአማጽያኑ አብራሪዎች አንዱ፣ የፊልሙ ጀግና ሉክ ስካይዎከር፣ ይህን ሲያይ ሌላ ዘዴ አመጣ፤ በመጎተቻ ገመድ እግሩን መጥለፍ። ሌላው አብራሪ ዌጅ አንቲለስና ባልደረባው አንዱን ማሽን እየዞሩ ገመድ ጠመጠሙበት። ያ ሁሉ ብረት ተደናቀፈና በአፍንጫው ተደፋ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት በሌላ ጋላክሲም ይሠራል ማለት ነው፤ እዚህ እንኳን ድሩ አንድ ብቻ ነበር። ሉክ ራሱ በራሪው ተመቶ ከወደቀ በኋላ በገመድ ተንጠልጥሎ ሌላኛው ማሽን ሆድ ሥር ወጣ። በላይትሴበሩ፣ ማለትም በብርሃን ሰይፉ፣ ብረቱን ቀደደና ቦምብ ወረወረበት።

ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው እነዚህን ሁለት ውድቀቶች ነው። "እግሩን በገመድ ጠልፈህ የምትጥለው ምን ዓይነት የጦር መሣሪያ ነው?" የሚለው ቀልድም ከዚህ የመጣ ነው። ግን ያን ቀን ያሸነፈው ማን ነበር? ቪርስ ጄኔሬተሩን አፈነዳው። አማጽያኑም ሰፈራቸውን ጥለው ሸሹ። ኤቲ-ኤቲ የተላከበትን ሥራ ጨርሷል።

በእርግጥ ቀልደኞቹ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ታንክ ክብደቱን በሰንሰለቱ ላይ ያከፋፍላል። ይሄኛው ግን ያን ሁሉ ክብደት በአራት መዳፍ ላይ ይጭናል። ከፍታው ደግሞ ለመውደቅ ያመቻቸዋል። አንገቱም ስስ ነው። እኔ ግን ዋናው መሣሪያው መድፉ አይመስለኝም፤ ፍርሃት ነው። ምሽግ ውስጥ ያለው ወታደር ገና ከሩቅ ያየዋል። አይቸኩልም። ዝም ብሎ ይመጣል።

የፊልሙ ባለሙያዎች ይህን አረማመድ የፈጠሩት በእጃቸው ነው። የማሽኑን መልክ የነደፈው ጆ ጆንስተን ነው። መነሻ የሆነው አንድ የአሜሪካ ብረት አምራች ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያሳተመው የሥዕል መጽሔት ነበር፤ በእግር የሚሄዱ የጭነት መኪናዎች ተስለውበታል። በካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ ወደብ ያሉት ግዙፍ ክሬኖች ናቸው መነሻው የሚል ወሬም አለ። ክሬኖቹን ያየ ሰው ቢያምን አይፈረድበትም። የስታር ዋርስ ፈጣሪ ጆርጅ ሉካስ ግን ወሬው ተረት መሆኑን ተናግሯል።

እንቅስቃሴው የፊል ቲፔትና የባልደረቦቹ ሥራ ነው። መጀመሪያ እውነተኛ ዝሆን ሲራመድ ቀርጸው አጠኑ። ከዚያ ትንንሽ ሞዴሎችን በስቶፕ ሞሽን አንቀሳቀሱ። ሞዴሉን በጥቂቱ ታነቃንቀዋለህ፣ አንድ ፎቶ ታነሳለህ፣ እንደገና ታነቃንቀዋለህ። ለአንድ ሰከንድ ፊልም 24 ፎቶ ያስፈልጋል። በረዶው በአብዛኛው ቤኪንግ ሶዳ ነበር፤ ከኋላ የሚታየው ሰማይና ተራራ ደግሞ ሥዕል። ዱቄቱ ላይ ዱካ እንዳይቀር ባለሙያዎቹ ከወለሉ ሥር በተሠሩ ቀዳዳዎች ብቅ ይሉና ሞዴሉን ነክተው ተመልሰው ይደበቁ ነበር። ስቶፕ ሞሽን ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው እንቅስቃሴው ቆረጥ ቆረጥ ስለሚል ነው። ለማሽን ግን ያ ጉድለት ጌጥ ሆነለት። ድምፁ ደግሞ የድምፅ ባለሙያው የቤን በርት ሥራ ነው፤ የብረት መብሻ ማሽን ድምፅ ወስዶ ኮንክሪት ላይ የሚወድቅ የብስክሌት ካቴና ድምፅ ጨመረበት።

ኤቲ-ኤቲ ዘመድ አዝማድም አለው። ሁለት እግር ያለው ትንሹ ኤቲ-ኤስቲ እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው የስታር ዋርስ ፊልም ላይ ጫካ ውስጥ ገብቶ በግንድ ተጨፍልቋል። በ2017 የመጣው ኤቲ-ኤም6 ደግሞ ከዝሆን ይልቅ ጎሪላ ይመስላል። የአሻንጉሊት አምራቹ ሌጎም በ2021 ከ6,785 ቁርጥራጭ የሚገጣጠም ኤቲ-ኤቲ አውጥቷል። ትዕግሥት ላለው ሰው ነው።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው በ2015 በወጣው የስታር ዋርስ ፊልም ላይ የታየው ነው። ጃኩ በምትባል በረሃማ ፕላኔት ላይ አንድ ኤቲ-ኤቲ በጎኑ ወድቆ ዝጓል። ሬይ የምትባል ብቸኛ ልጅ ሆዱን ቤቷ አድርጋዋለች። የምትኖርባቸውን ቀናት ግድግዳው ላይ በጭረት ትቆጥራለች። ማታ የማሽኑን መዳፍ ተደግፋ ራቷን ትበላለች፤ ጭንቅላቷ ላይ ያጠለቀችው አሮጌ የአማጽያን አብራሪ ቆብ ነው።