«አንቲክ» እና «ቪንቴጅ» ስጋጃ፦ ልዩነቱ የቱ ላይ ነው?

የአንበሳ ሥዕል ያለበት ስጋጃ ልትገዙ ስትሉ ሻጩ «አንቲክ ነው» ካላችሁ ዕድሜውን ጠይቁ። በአሜሪካ የጉምሩክ ሕግ አንቲክ የሚባለው ከ100 ዓመት በላይ የሆነው ዕቃ ነው። ቪንቴጅ ግን ቁርጥ ያለ መስመር የለውም፤ ብዙ ነጋዴዎች ከ20 ወይም ከ30 ዓመት በላይ ለሆነው ይሉታል። «ቪንቴጅ ስታይል» የተባለውማ አዲስ ነው፣ አሮጌ መምሰል ብቻ።

በደቡብ ኢራን፣ ፋርስ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ቃሽቃይ የሚባለው ሕዝብ ሴቶች የሠሩትን የአንበሳ ስጋጃ እንውሰድ። አንበሳው አንዳንዴ ድመት ይመስላል፤ እኔ እንዲያውም የምወደው ለዚሁ ነው። በእጅ የተሠራ መሆኑን ለማወቅ ገልብጡት። በእጅ ከተሠራ አንበሳው ከጀርባም ይታያል፤ ቋጠሮዎቹም ትንሽ ወጣ ገባ ይላሉ። ዘርፉ (ጫፉ ላይ የተንጠለጠለው ክር) በኋላ የተሰፋ ከሆነ ጠርጥሩ፦ ወይ የማሽን ሥራ ነው፣ ወይ ተጠግኗል።